ከእማዬ ጓሮ የሄደው አፈር

እኔ አይደለሁም ዘረሰናይን ያዋረድኩት፤ ድንቹ ነው ያዋረደው! "ጓደኛዬን ሰው ፊት አዋረድሽው፣ ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂው" ብለህ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋህ፣ ቀጥለህ ብሎክ አደረግከኝ። ይኸው በወረቀት መጣሁልህ፤ ወረቀት ብሎክ አይደረግም።

ለማንኛውም እንደምን ከርመሃል ፍቅሬ? ጤናህ እንዴት ነው? የሐዋሳ ሙቀት ተስማማህ? ሚስትህ ጫልቱስ፣ ሆዷ ገፋ ወይ? እኛ ደህና ነን። እማዬ ከወገቧ በቀር፣ እኔ ከንዴቴ በቀር።

አሁን ስማኝ። ስትሄድ የእሁድ ገበያ የመሸጫ ባጅህን ለዘረሰናይ ሰጥተህ "እማዬ ከጎንህ ሆና ትሽጥ" ብለኸው ነበር አይደል? መጀመሪያ ወደ ጥግ ገፋት፣ ከዚያ ቱቦው አጠገብ ፀሐይ ላይ አስቀመጣት። ጎመኗ ረፋዱ ላይ ጠውልጎ ይተኛል። እሱ በሷ ቦታ ካርቶን ሰቅሏል፦ "የእንጦጦ ድንች፣ በቀጥታ ከገበሬው"። በጥር! የኛ ድንች ካለቀ ስንት ጊዜው ነው? እማዬ ደግሞ ለጠየቃት ሁሉ "ድንች አልቋል የኔ ልጅ፣ አሁን የጎመን ጊዜ ነው" ትላለች። ሰዉ እውነቷን ሰምቶ፣ አልፏት እሱ ጋ ይሰለፋል።

ይሄንን ቻልኩት። ያልቻልኩት አፈሩን ነው። ከገና በፊት ቤት መጥቶ "እትዬ ዓለም፣ ለአበባ የሚሆን አፈር ፈልጌ ነበር" አላት። እማዬ በዚያ ወገቧ ጎንበስ ብላ ከጓሮዋ ሁለት ማዳበሪያ ቀይ አፈር ሞላችለት። አበባ የለውም ፍቅሬ! ባለፈው እሁድ ሊነጋ ሲል፣ ከጅምላ ያመጣውን የታጠበ ድንች ከድንኳኑ ጀርባ በእማዬ አፈር ሲያሽ በዓይኔ አየሁት።

ባልዲ ሙሉ ውሃ ቀዳሁ። ሰልፉ እስኪረዝም ጠበቅሁ፤ አዎ፣ ሆን ብዬ ነው። አንዷ ሴትዮ "መቼ የተተከለ ነው?" ስትለው "ኅዳር ላይ" አላት። ኅዳር! እኛ ጋ ውርጩ የሰው ከንፈር የሚሰነጥቅበት ወር! ድንቹን ከሚዛኑ ላይ አፍሼ ባልዲው ውስጥ ዘፈዘፍኩትና "እትዬ፣ ይኸው ገላውን ታጥቦ መጣልሽ" አልኳት። ነጭ፣ ልሙጥ፣ የሕፃን ቂጥ የመሰለ። ሰልፉ ሳቀ፣ ከዚያ ተበተነ። "አንቺ ከትምህርት ቤት የተባረርሽ!" ብሎ ጮኸብኝ። "አልተባረርኩም፣ በራሴ ነው የወጣሁት፤ የምትባረረው አንተ ነህ" አልኩት።

አልተባረረም። አስተባባሪው ጋሽ ዋቅጅራ "ባጁ የፍቅረማርያም ነው፤ እሱ ‹ለእናቴ ይሁን› ካላለኝ ምን ላድርግ?" አሉ። ነገ ጠዋት የዓመቱ ቦታ ይደለደላል። ቦታው ከቀረባት እማዬ ጎመኗን ይዛ ካራ መንገድ ዳር ልትቀመጥ ነው። በዚያ ወገቧ!

ይቅርታውን እርሳው። ዘረሰናይ የድንች ሳጥኑን በትከሻው ተሸክሞ ከገበያው ሲወጣ፣ እኔ ቆሜ ጥርሴን እየፋቅኩ ማየት ነው የምፈልገው። ዝም ካልክ ግን ሌላ ማዳበሪያ አፈር ሞልቼ ጠረጴዛው ላይ እገለብጠዋለሁ፤ ያንተንም ባጅ እላዩ ላይ እተክልልሃለሁ።

ጫልቱን ሳምልኝ። ትንሹ ወንድማችን ሰላሙ "ኳሴን አደራ" ብሎሃል። እማዬ ሁሌም ስላንተ እንደጸለየች ነው፤ ይሄን መጻፌን አታውቅም፣ እንዳትነግራት። ወረቀቱን የሚሰጥህ የጎረቤታችን ሹፌር ሌንጮ ነው፣ ምሳ አብላው። ከዚያ መጀመሪያ ለጋሽ ዋቅጅራ ደውለህ ‹ባጁ ለእናቴ ይሁን› በላቸው፤ ቀጥሎ ብሎኩን ፍታና ለኔ። ዛሬውኑ፣ ሳይመሽ ደውል!

እህትህ ሰላማዊት
ከእንጦጦ ማርያም በታች፣ ቅዳሜ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.