ጥይት ሳይነካቸው የተመቱት የአቶ አለምነህ ገዱ የሕይወት ታሪክ

አቶ አለምነህ ገዱ ከአባታቸው ከአቶ ገዱ ቢራራና ከእናታቸው ከወ/ሮ ታንጉት ወልደ ሩፋኤል በመስከረም 1952 ዓ.ም. ድብ ባሕር ተወለዱ። ዳዊት ደግመው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። እኔ ታናሽ ወንድማቸው የሺዋስ፣ ለእርሻው አንድ ሰው ይቅር ተብሎ ከአራተኛ ክፍል ስለወጣሁ፣ የዚህ ጽሑፍ ጉድለት የእኔ ብቻ አይደለም።

በ1984 ዓ.ም. ደባርቅ ገብተው እህል ነገዱ። በዓመቱ ከወ/ሮ ጽጌሬዳ አለነ ጋር ተጋብተው ፀጋንና አገኘሁን ወለዱ።

በ1990 ዓ.ም. ታላቃችን ውዱ በወሰን ጠብ የደረስጌ ሰው ገድሎ ወደ ቆላ ተሰወረ። ገዳይ ሲጠፋ ደም የሚፈለገው ከቤቱ አለኝታ ነው፤ አለኝታችን አቶ አለምነህ ነበሩ። እኔንማ የሟች ወገኖች ገበያ መሐል “ሂድ እህልህን ሽጥ፣ ያንተ ደም የኛን አያክልም” ብለውኛል። የኛም ሰዎች ስቀዋል።

ከዚያ ወዲህ አቶ አለምነህ ጀርባቸውን ለግድግዳ ሳይሰጡ አልተቀመጡም፤ ውሻ ሲጮህ መብራት ያጠፋሉ። ሽማግሌ አራት ጊዜ ደረስጌ ተልኮ አራቴም ባዶውን ተመለሰ። አንድ ጥይት አልተተኮሰም። በ2006 ዓ.ም. ግን መጫጫን፣ ከሰው መራቅ፣ የልጆቻቸውን ስም መሳት ጀመራቸው። ዘመድ ዓይነ ጥላ ነው አለ። ጸበሉ መልካም ነው፣ ሐኪምም ይያቸው ብል “የአራተኛ ክፍል ዶክተር” ተባልኩ።

በ2008 ዓ.ም. ጎንደር ያያቸው ሐኪም እንዲህ አስረዳን። ሰው ሲደነግጥ ሰውነቱ የጭንቀት ሆርሞን ይረጫል፤ ይህ ለጊዜው ያድናል፣ በሽታ የሚከላከሉትን የሰውነት ዘበኞችም ረጋ በሉ ይላቸዋል። ለዓመታት ሲፈስ ግን ዘበኞቹ ትእዛዙን መስማት ይተዋሉ። አንጎል ውስጥ ያሉትም ጠላት ሳይመጣ የድረሱ መልእክት እየተላላኩ የሚጠብቁትን ቤት ያቆስላሉ። ሕመማቸው ከዚህ ብቻ ነው ብሎ ሐኪሙ አልማለም፤ ፍርሃቱ ካልቆመ መድኃኒቱ አይበቃም ግን ብሏል። ለዘመድ ነገርኩ፤ ማን ሊሰማ።

በመጨረሻም ተዳክመው ሳለ የሳንባ ምች ይዟቸው፣ ጥር 9 ቀን 2010 ዓ.ም. በ58 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውንና ሁለቱን ልጆቻቸውን ትተውልናል። አለኝታነቱ ለአገኘሁ ደርሷል። ከትናንት ጀምሮ እሱም ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው።

የደረስጌ ወገኖች፣ ለቀብር መጥታችሁ ከአጥሩ ወዲያ ቆማችኋል፤ እናያችኋለን። አርባቸው ሳይወጣ እርቁን ስጡን። አይሆንም ካላችሁ እኔን ቁጠሩኝ፤ ልጁን ተዉት።

እግዚአብሔር የወንድሜን ነፍስ ማንም ከማያስደነግጣት ስፍራ ያኑርልን።