ከሰኔ ወዲህ ለእማዬ የጻፍኳቸው

ለእህቴ ለየዓለምወርቅ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ፣ ጉልበትሽ፣ ልጆችሽስ እንዴት ናቸው? የጎሬ ዝናብ ጋብ አለላችሁ? «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችንም ደህና ነን» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ከእንግዲህ ግን ይህን ቃል ከአንቺ ሳነብ እንዴት እንደማምነው አላውቅም።

ባለፈው እሑድ ገና ሳይነጋ አክስታችን አበራሽ በሬን አንኳኩ። ከኋላቸው የቀጨኔ ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል፤ ባለሱቋ እትዬ ዘይነብም አሉ። ማንም ሳይናገር ገባኝ። እማዬ ሰኔ ሰባት አርፋ፣ አርባዋም ወጥቶ፣ እኔ መርዶዬን የሰማሁት ነሐሴ ሃያ ሰባት ነው። እትዬ ዘይነብ ሳሙና ሲሸጡልኝ ዓይን ዓይኔን የማያዩት ለካ ለዚህ ኖሯል።

አክስታችን በሰጡኝ ደብዳቤ ፈተናዬ አሳስቦሽ እንደሆነ ጽፈሻል። እውነት ነው፣ አምስት ዓመት የተማርኩት የቫዮሊን ትምህርት የመጨረሻ ፈተና ሐምሌ ላይ ነበር፤ ብትነግሪኝ ጥዬው እመጣ ነበር። መርዶ እስኪመች ይደበቃል፣ ወጉን አልጠላም። ዝም ብትዪ ኖሮ ይቅር እልሽ ነበር። አንቺ ግን በእሷ ስም ጻፍሽልኝ። እማዬ ፊደል ስለማትቆጥር ቃሏ የሚደርሰኝ ሁልጊዜም በአንቺ እጅ ነበር፤ በዚያው እጅ አታለልሽኝ።

ፈተናውን አልፌ ኦርኬስትራ ውስጥ ስመደብ የመጀመሪያው ዝግጅታችን በራዲዮ ተላለፈ። «እማዬ ሰማችህ፤ ያ እንጨት አገጭህ ሥር ተወሽቆ አንገትህን እንዳያጣምመው ብላለች» ብለሽ ጻፍሽልኝ። እንዴት እንደሳቅሁ! ደብዳቤውን ከቫዮሊኑ ሳጥን ውስጥ ከትቼ፣ ልምምድ ከመጀመሬ በፊት አነበው ነበር። እሷ ግን ያኔ አፈር ከለበሰች ሁለት ወር ሊሞላት ነበር። «አትንገሩት ያለችው ራሷ ናት» ትያለሽ። ምናልባት። ይህንንም ግን የነገርሽኝ አንቺው ነሽ።

የሦስት ቀን ፈቃድ ሰጥተው ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ልምምድ መልሰውኛል። ሐዘንተኛ ሙዚቃ አይነካም ብላቸው፣ ሥራ ነው አሉኝ። ጥቁር ሸሚዜን ለብሼ የደስታ ዜማ እጫወታለሁ፤ ቤት ስገባ ቫዮሊኑን አልጋ ሥር እከተዋለሁ። ያቺን ደብዳቤሽን ልቅደዳት ብዬ እጄ እምቢ አለኝ። የእማዬን አነጋገር ትመስላለች።

ለባለቤትሽ ለቱሉና ለልጅሽ ለውባለም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ትንሹን ይገዙን ጉንጩን ሳሚልኝ። ከሰኔ ወዲህ «ለእማዬ አንብቢላት» እያልኩ የላክኋቸውን ሦስት ደብዳቤዎች ለማን እንዳነበብሻቸው ጻፊልኝ። ይቺን ግን ለማንም አታንብቢ፤ ያንቺ ናት።

ወንድምሽ ዓምሃ
ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
ጳጉሜ 3 ቀን 1976 ዓ.ም.