በሦስት ኮፒ ስለቀረበው የአሲያ ቀልድ

ለክቡር አቶ ሙሉጌታ፣
የአዳራሻችን ኃላፊና የሳቅ ፈቃድ ሰጪ፤

አላህ ዓፊያዎን አያጓድልብዎ፤ ወንበርዎ ይደላዎት፤ ማኅተምዎም ቀለም አይጣ። እኔ ሱረያ፣ ውጫሌ ተወልጄ ሐይቅ ከተማ የማስተምር፣ ቀልድ መናገር ለሚፈልጉ ሦስት ሴቶችም አራት ወር ሙሉ እሁድ እሁድ ስልጠና የሰጠሁ ሰው ነኝ። አስቀድሜ ላመሰግንዎ እወዳለሁ፤ እርስዎ ባይኖሩ ኖሮ ቀልድ ከየት እንደሚመነጭ ለተማሪዎቼ ማስረዳት በጣም ይከብደኝ ነበር።

፩ኛ. ማንኛዋም ሴት ተነስታ ያሻትን የምትቀልድበት «የሴቶች ክፍት ማይክ ምሽት» ለማዘጋጀት አዳራሹን ስንጠይቅ፣ በማመልከቻችን ኅዳግ ላይ «ማይክ ክፍት መተው ንብረት ስለሚያበላሽ፣ ማይኩ ተዘግቶ ይካሄድ» ብለው መሩበት። ስለ ንብረት መቆርቆርዎን እናደንቃለን። የእርስዎም የስብሰባ ንግግር በዚሁ መመሪያ ቢካሄድ ምንኛ በታደልን።

፪ኛ. ቀልዶቹ አስቀድመው በሦስት ኮፒ ተጽፈው እንዲቀርቡልዎ አዘዙ፤ አቀረብን። ሦስተኛው ኮፒ ለማን እንደሆነ ያኔ አልገባንም ነበር። ከቀልዶቹ አንዱ የአሲያ ነው። አሲያ ጅዳ ሁለት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ልጅ ስትሆን፣ ማዳሟ ስሟን መልመድ ስለታከታት ከእሷ በፊት በነበረችው ሠራተኛ ስም «አሚናት» እያለች ነበር የምትጠራት። ይህን ቀልድ አድርጋ መናገር እስክትችል ድረስ ስንት እሁድ እያለቀሰች እንዳቋረጠችው እኔ አውቃለሁ። እርስዎ «ለመድረክ አይመጥንም» ብለው መለሱልን።

፫ኛ. በሳምንቱ፣ በዚያው አዳራሽ፣ ወንዱ የሚባለው ወዳጅዎ ሻሽ አስሮ «ከዐረብ አገር የመጣች ሴት» ሆኖ ያንኑ ቀልድ ቃል በቃል ተናገረው። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው የእሱ ስም ብቻ ነበር። ሕዝቡ በሻሹ ሳቀ፤ እርስዎም ፊት ወንበር ላይ እንባዎ እስኪፈስ ሳቁ። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለውን ተረት «በወንዱ ያልቃል» ብለው ስላሻሻሉልን የቋንቋ ሊቃውንት ውለታዎን አይርሱት። አሲያ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ወደ ቤቷ ስንሸኛት የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እዚህም አሚናት ሆንኩ» አለች።

ክቡርነትዎን ሌባ ብዬ አልሰድብም፤ ሌባ የሚሰርቀውን በሦስት ኮፒ አጽፎ አይቀበልም። የምንቅዎት መሆኔን ግን በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ።

ለተዘጋው ማይክዎና ለማይዘጋው አፍዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ወገቤን ጎንበስ አድርጌ እጅ እነሳለሁ።

ሱረያ ጁማ

ግልባጭ፦
ለወንዱ (ይህንንም ሻሽ አስሮ ሊያቀርበው ቢሻ)

ማሳሰቢያ፦ ቀልዱ በወንዱ አፍ ለምን በድንገት እንደተቋረጠ ገርሞዎት ከሆነ፣ መጨረሻው በሦስቱም ኮፒ ላይ አልነበረም። ፓስፖርቷን ለማዳም አስረክባ የኖረች ሴት ያላትን ሁሉ ለአንድ እጅ አትሰጥም። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሐይቁ ዳር፣ ያለ ማይክ፣ አሲያ ራሷ ትጨርሰዋለች፤ ለእርስዎ ግን በፈቃዷ አስቀድሜ ልንገርዎ። ፓስፖርቷን ከመሳቢያ አውጥታ ከዚያ ቤት የወጣች ዕለት፣ ማዳም ለፖሊስ «አሚናት ጠፋችብኝ» ብላ አመለከተች፤ ፖሊስ አሚናትን ሲያስስ አሲያ በገዛ ስሟ አውሮፕላን ተሳፍራ አገሯ ገባች። እርስዎም የሚቀጥለውን ቀልድ ወንዱ ዘንድ ይፈልጉ።