በሐውልትህ ላይ ምን ላስጽፍ?

ታዴ ሆዴ፣

እንዴት ሰነበትክ ብዬ ልጀምር አልኩና ማን ሊመልስልኝ ብዬ ተውኩት። ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። እኛ ደህና ነን። መኪናህን ወንድምህ ግርማ ወስዶ እየሠራበት ነው። መኪናው ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ጎመን ተክዬ ነበር፤ ስንት ዓመት ናፍጣ የጠጣ መሬት ስለሆነ ነው መሰል አልይዝ ብሏል። ሄለን ዩኒቨርሲቲውን ልትጨርስ ነው። ግራ የገባኝ እኔ ነኝ፤ የምጽፍልህም ለዚሁ ነው።

የቀብርህ ቀን የሕይወት ታሪክህን የእድሩ ጸሐፊ አነበበው። ያዘጋጀችው ልጁ ሄለን ናት ተባለ። መካከሉ ላይ «በመንገድ የደከመ ሰው አይቶ አያልፍም ነበር» የሚል አለበት። እዚያ ሲደርስ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በለቅሶ ተናጋ። እኔም አለቀስኩ፤ እያለቀስኩ ግን ገርሞኛል። አንተማ አይተህ ታልፍ ነበር! ሰው ጭነህ ጉደር ላይ ትራፊክ ከቀጣህ ወዲህ፣ ሁለተኛ እንዳትጭን በሚካኤል ያስማልኩህ እኔው ነኝ። የጭነት መኪና ለድንች ነው እያልኩ ስጨቀጭቅህ እሺ፣ እሺ ብለኸኛል። ልጅ አባቷን ብታሳምር ምን አለበት ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ በኋላ ሄለን ተፈላጊ ሆነች። ሰው የሞተበት ሁሉ እሷ ትጻፍልን እያለ መጣ። እኔም ደስ ብሎኝ፣ የታዴ ልጅ እኮ ናት እያልኩ ደረቴን ነፋ አደርግ ነበር።

የሰፈራችን ባለ ወፍጮ ኦቦ ቶለሳ እስኪሞቱ ድረስ ነው እንግዲህ። ነፍሳቸውን ይማርና ታውቃቸዋለህ፤ ከወንፊት የተረፈች ዱቄት እንኳ ጠርገው የሚያስቀሩ፣ ከወፍጮ ቤታቸው ደጃፍ ርቀው የማይሄዱ። የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ «በመንገድ የደከመ ሰው አይተው አያልፉም ነበር» ተባለ። ያው ቃል! ኦቦ ቶለሳ እንኳን መኪና አህያም አልነበራቸው። ሕዝቡ ያለቅሳል፤ እኔ በነጠላዬ አፌን ይዤ ሳቄን አፈንኩ። ቀጥሎ አንተ ትዝ አልከኝና ሳቁ ደረቀብኝ።

ቤት ገብቼ ሄለንን አፋጠጥኳት። ለካ የጻፈው ስልኳ ላይ ያለው ኤአይ የሚሉት ነው። ትንሽ ነገር ትነግሪዋለሽ፣ ቀሪውን እሱ አሳምሮ ይሞላዋል አለችኝ። የጌዶ ተወላጅ፣ ሹፌር፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ደግ ሰው ብላ ሰጥታዋለች። ደግነትህ ምን ምን እንደሆነ ከራሱ አምጥቶ የጨመረው እሱ ነው። ያን ቀን እጄ አልታዘዘኝም ነበር እማዬ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሰው ሲያመሰግነኝ እንዴት ብዬ ልናገር ብላ ተንሰቀሰቀች። ልቆጣት አሰብኩና አቃተኝ። የአባቷ አስከሬን ቤት ውስጥ ተኝቶ ጻፊ ያልናት እኛው አይደለን?

ጭንቁ ግን እዚህ ላይ አላበቃም። ለሙት ዓመትህ ሐውልት እያሠራን ነው፤ ግርማና የእድሩ ሰዎች ያንኑ ዓረፍተ ነገር ከስምህ ሥር እናስቀርጸው ይላሉ። ድንጋይ ጠራቢው ቃሉን አምጡ እያለ ይወተውተኛል። ደግሞ በአርባህ ጊዜ ስንቱ ነው እኔንም ጭኖኛል፣ እኔንም አሳፍሮኛል ያለኝ! ያኔ አጽናንተውኝ ነው ብዬ ነበር። ሄለን ከነገረችኝ በኋላ ግን ሲነበብ ሰምተው ነው እንዲህ የሚሉት ብዬ ሁሉንም ጠረጠርኩ። ከሁሉ የከፋው፣ እኔ ራሴም ማስታወስ ጀምሬያለሁ። አንዲት አሮጊት ደግፈህ ከጋቢና ስታወርድ በዓይኔ ያየሁ ይመስለኛል። አይቼ ነው ወይስ ተነብቦልኝ? አንተን ከራሴ ራስ ውስጥ ማን እንዳወጣብኝ አላውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ አላስችል ሲለኝ እጃጂ ሄድኩ። በአርባህ ጭኖኛል ካሉኝ መካከል አንዷ አዴ ብርቄ ናቸው፤ መንገድ ዳር ነጭ ሽንኩርት ይሸጣሉ። አካም ጅርታ ተባብለን አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ስለ ደግነትህ አንድም ቃል አልተነፈስኩም፤ መኪናው ተመችቶዎት ነበር ወይ ብቻ አልኳቸው። ሳቁ። መግባቱስ ምንም አይል፣ መውረዱ ነው እንጂ አሉኝ። በእኔ በኩል ያለው በር ከውስጥ እሺ አይልም፤ ባልሽ ዝናብም ቢሆን ወርዶ፣ ዞሮ መጥቶ ነበር የሚከፍትልኝ አሉኝ።

ታዴ፣ ይህን የሚያውቅ ጋቢናህ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው።

ጌዶ ለሠርግ የወሰድከኝ ቀን ዞረህ መጥተህ በሩን ስትከፍትልኝ ሙሽራዋ እኔ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። እጀታውን አስጠግነው ስልህ እያሳቅህ ታሳልፈኝ ነበር። ለእኔ ብለህ የተውከው ነበር የሚመስለኝ፣ ሞኟ። ለካ ለመንገደኛው ሁሉ ስትከፍት ኖረሃል! መጀመሪያ ቀናሁ፣ እውነቴን ነው። ቀጥሎ በሚካኤል ምለህልኝ አልነበረም ወይ ብዬ ተናደድኩ። ኋላ እዚያው ሽንኩርቱ መካከል አለቀስኩ፤ አዴ ብርቄም ምን እንደነካኝ ሳይጠይቁ አብረውኝ አለቀሱ።

አሁን ግርማ በቃ እውነት ሆኖ ተገኘ፣ ይቀረጽ ይላል። ሄለን አይሆንም ትላለች፤ ከሕይወት ታሪኩ ላይም ስሜን አጥፉልኝ ብላለች። እኔ መሀል ቤት ቆሜያለሁ። ውሸት ነው እንዳልል፣ አድርገኸዋል። ግን ያ የስልኩ ነገር አንተን አላወቀህም፤ ለኦቦ ቶለሳ ያለውን ነው ለአንተም ያለው። ሳያውቅ የተናገረው ቢገጥምለት ምን ይባላል? የኦቦ ቶለሳ ልጆች የእሳቸውን በፍሬም አድርገው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። ሄለን ልንገራቸው ወይ ትለኛለች። እሳቸውስ ከእኛ የደበቁት ደግነት ይኖር ይሆን? ከእንግዲህ በማንም ላይ መሳቅ ፈርቻለሁ።

ይህን ደብዳቤ ሄለን ላስተካክልልሽ ብላኝ ነበር፣ በእጇ ማለቷ ነው። እምቢ አልኳት። የእኔን ዝብርቅርቅ ወሬ አንተ ለምደኸዋል።

ትናንት ለጠራቢው ቃሉን ጽፌ ሰጠሁት። ከስምህ ሥር «በሩን ዞሮ ይከፍት ነበር» ይላል። አነበበና ቀሪውስ አለኝ፤ ይኸው ነው አልኩት። የማያውቅህ የምን በር ነው ይል ይሆናል። ይበል፣ መጥቶ ይጠይቀኝ፤ አፌ እስካለ ድረስ ስነግር እኖራለሁ። ተራዬ ደርሶ ወዳንተ የመጣሁ ዕለት ደግሞ በሩን ለመክፈት አልታገልም። ከውስጥ እንደማይከፈት አውቃለሁ፤ ዞረህ እስክትመጣ ቁጭ ብዬ እጠብቅሃለሁ።

የአንተው አስካለ
አምቦ