ለጋሼ የተከራየሁት ጀልባ

ማክሰኞ

እሺ አልኩት። እንዴት እንዳልኩት አላውቅም። ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ መኮንን፣ «እኔ እኮ በሕይወቴ ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም» አለኝ። አርባ ዓመት ፒያሳ ፀጉር ሲያስተካክል የኖረ ሰው ነው። ስትሮክ ግራ ጎኑን ከያዘው ሁለት ዓመት ሆነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። ስለዚህ እሺ አልኩት። እሁድ ዝዋይ።

ረቡዕ

በምሳ ሰዓት ከቢሮ ወጥቼ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ጥግ ላይ አንድ ጆሮዬን በእጄ ደፍኜ ደወልኩ። ባለ ጀልባው አቶ ገመዳ ይባላል። ድምፁ የረጋ ነው። ጋሼ በሰው መሀል መሸማቀቅ ስለሚበዛበት ጀልባውን ለብቻችን እንደምንፈልገው፣ ደሴቷ ላይም እንደምንወርድ ነገርኩት። ይቻላል አለ። ስለ ተሽከርካሪ ወንበሩ ስነግረው ግን እንዲህ አለኝ፦

«እህቴ፣ ጀልባው ላይ በሸክም እናወጣቸዋለን። ደሴቷ ግን ዳገት ናት።»

ዳገት። ይኼን አላሰብኩም።

ሐሙስ

የሚያስፈልገኝ፦ የግፊት መድኃኒቱ፣ ቅያሪ ሱሪ፣ ትራስ፣ ሁለት ጠንካራ ሰው። የጠፋው የመጨረሻው ነው። አፍንጮ በር ታክሲ ስጠብቅ ጎረቤታችን ሙሐመድ አገኘኝ። ገና ሳልጨርስለት፣ «እኔ አለሁ፣ ወንድሜንም ይዤ እመጣለሁ» አለኝ። ታክሲው ውስጥ እንባዬ መጣ። ደስ ብሎኝ ይሁን ደክሞኝ፣ እንጃ።

ከዚያ ታናሽ እህታችን ሰብለ ደወለች። «አብደሻል? ውሃ መሀል ቢያመውስ?» በወር አንዴ ብርቱካን ይዛ ብቅ የምትል ሰው። ስልኩን ዘጋሁባት። ግን ልክ ብትሆንስ?

ዓርብ

የጋሼን ግፊት የምትለካውን ነርስ ጠየቅኳት። መሄዱ ችግር የለውም፣ ከደከመው ግን ቶሎ ተመለሱ አለች።

ለልምምድ ብዬ ጋሼን ከነወንበሩ የግቢያችንን ደረጃ ላወርደው ሞከርኩ። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ወገቤን ያዘኝ። ወንበሩን ከግድግዳው አስደግፌ ቆምኩ። «በቃ ይቅር፤ አንቺን ልጨርስሽ ነው እንዴ?» አለ።

ይቅር ሲል ለአንድ አፍታ ቀለለኝ። ይኼን ለማንም አልናገርም። ወዲያው አፈርኩና፣ «አይቀርም» አልኩት፣ ተቆጥቼ።

ቅዳሜ

የሙሐመድ ወንድም አመመው። አንድ ሰው ጎደለ። ሁሉን ነገር ልሰርዝ ስልኬን ሳነሳ ሰብለ ከባሏ ጋር በመኪና መጣች። «እሱ ይነዳል፣ እሱው ይሸከማል። ጋሼን ቢያመው ግን አልነገርሽኝም እንዳትዪኝ» አለች። ብርቱካን አልያዘችም። አቅፌ ልስማት ፈልጌ ነበር፤ ጉልበት አጣሁ።

እሁድ

እየተመለስን ነው፤ መኪና ውስጥ ስለምጽፍ ፊደሌ ይዘላል።

ሙሐመድና የሰብለ ባል ጋሼን አንስተው ጀልባው ላይ አስቀመጡት። «ጋሼ፣ ዛሬ ሙሽራ ሆኑ!» አለው ሙሐመድ። ጋሼ ሳቀ። ሞተሩ ተነሳ። ደሴቷ ጋ እስክንደርስ ዓይኔ ዳገቱ ላይ ነበር። ደረስን። ሙሐመድ ሱሪውን ጠቅልሎ ውሃው ውስጥ ወረደ። ጋሼ በደህናው እጁ የጀልባውን ጠርዝ ጭምድድ አድርጎ ያዘ።

«አልወርድም።»

«ፈራህ?» አልኩት።

«ምን ያስፈራኛል? ደሴት ልይ አላልኩም እኮ። ጀልባ ነው ያልኩት።»

መጀመሪያ የሳቀችው ሰብለ ናት። አቶ ገመዳ፣ «ታዲያ ሐይቁን እንዙራ!» ብሎ ጀልባውን አዞረው። ጋሼ ጣቶቹን ውሃው ውስጥ ከተተ። እኔ የጀልባው አግዳሚ ላይ ጋደም አልኩ፤ ለትንሽ ደቂቃ ብዬ።

ስነቃ ዳርቻው ርቋል። ሰብለ ነጠላዋን በሁለት እጇ ወጥራ፣ ጋሼን ከፀሐይ ከልላው ቆማለች። ክንዷ ዝሎ ዝቅ ሲል መልሳ ታነሳዋለች። ልቀበላት ልነሳ አልኩና ተውኩት። ዓይኔን መልሼ ጨፈንኩ።