ጋሼ የደፈናት ቀዳዳ

ኅዳር 3
ጊታሩ ከታላቅ ወንድሜ ከጋሼ ወርክሾፕ መጣ። የአባባን የአልጋ ራስጌ ኤሌክትሪክ ጊታር አደረገልኝ። ቫርኒሹ ፊት ያሳያል። እሱ እኮ አናጢ ብቻ አይደለም፣ በሽታ አለበት... አንዲት ጭረት ካየ እንቅልፍ የለውም። ክሮቹ የሚያርፉበትን ብረት ሳይቀር ራሱ አስሮታል። «የኔ አለቀ፣ የቀረው ጣጣ ያንቺ ነው» አለኝ። የቀረው ሽቦው ነው። የዛሬ ሳምንት እሁድ ለሥራ ርቆ ይሄዳል፣ ሁለት ዓመት። ድምፁን ሳይሰማ እንዳይሄድ ብቻ።

ኅዳር 5
ከምሠራበት ፋርማሲ ወጥቼ ቀጥታ ኩሽና። መበየጃውን አጋልኩ። የቀለጠው እርሳስ ሽቦው ላይ አልይዝ እያለ እየተንከባለለ... አንዱ ጠብታ የጠረጴዛውን ልብስ በሳው። እማዬ አየችና ቀዳዳው ላይ ሳህን አስቀመጠች።
እንደምንም ጨርሼ አምፕሊፋየሩ ላይ ሰካሁት። እዝዝዝዝዝ... ከጩኸቱ ሥር ጊታር ያለ ይመስላል። ግን ማን ይሰማዋል?

ኅዳር 6
ሁሉንም ነቅዬ እንደ አዲስ በየድኩ። እዝዝዝ።

ኅዳር 7
ጣቴን ተቃጠልኩ። መድኃኒት ልትገዛ የመጣች ሴትዮ «እጅሽን ምን ነካው?» አለችኝ። እጄን ከባንኮኒው ሥር ደበቅኩ።
ደግሞ በየድኩ። እማዬ ከሳሎን፦ «ንብ ነው እንዴ የምታረቢው?»
ጋሼ ደወለ። «እቴ፣ ደረሰ?» «ተወኝ ባክህ» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁት። እሱ ምን አጠፋ? እንዲሄድ አልፈልግም፣ ይኸው ነው። ይህን መናገር ሲያቅተኝ ሽቦ ላይ እጮሃለሁ።

ኅዳር 9
አንድ ነገር አስተዋልኩ። ገመዱ የሚሰካበትን ብረት ስነካ ጩኸቱ ይቆማል። ክሮቹን ስነካ ግን ወይ ፍንክች። ክሮቹን ስነካም መቆም ነበረበት... ለዚህ ብዬ አይደል እንጨቱ ቫርኒሽ ሳይቀባ ቀዳዳ በስቼ፣ ከውስጥ ክሮቹ እስከሚያርፉበት ብረት ሥር ጩኸቱን የምትውጥ ሽቦ ያሳለፍኩት? ብረቱን ፈታሁት። ከሥሩ ልስልስ ያለ እንጨት። ቀዳዳ የለ፣ ሽቦ የለ።
ደወልኩለት።
«እዚህ ብቅ ያለች ሽቦ ነበረች። የት ገባች?»
«እሷማ አስጠላችኝ። ጫፏን ቆርጬ በሙጫና በሰጋቱራ ደፈንኳት። አታስታውቅም አይደል?»
ኩራቱ!
አፌ ያመጣልኝን ሁሉ ተናገርኩት። ሰው ሳይጠይቅ ይደፍናል? ሳምንቱን ሙሉ በገዛ እጄ ላይ ስፈርድ... «ማታ መጥቼ እበሳልሻለሁ» አለ። ዕቃ ሲጭን አመሸ መሰለኝ፣ አልመጣም። ወይስ ተቀየመኝ?

ኅዳር 10
ሄዷል። ጠዋት በሩን ስከፍት የእጅ መሰርሰሪያው ደጃፍ ላይ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ። ያን ለማንም የማያውሰውን። መጥቶ አልቀሰቀሰኝም። ተናደድኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ።

ኅዳር 13
በሳሁ። እጄ እንደሱ እጅ አይደለም፣ መሰርሰሪያው አመለጠኝና ቫርኒሹን ላጠው። ብረቱን መልሼ ባስረውም ጠባሳው ወጣ ብሎ ይታያል። ሽቦውን አሳልፌ በየድኩ፣ ሰካሁ፣ ክሮቹ ላይ እጄን አሳረፍኩ። ጸጥ።
ጋሼ ጋ ደወልኩና ስልኩን አምፕሊፋየሩ ፊት አስቀምጬ ተጫወትኩለት። ስጨርስ ስልኩን አነሳሁ።
«ጋሼ፣ አለህ?»
«አለሁ... እንጨቱስ? ተበላሸ?»
«ተልጧል። ያስታውቃል።»
«ተያት፣ እቴ። እንዳትደፍኛት።»