ሐሪያ መጠጥ ነው?

መስከረም 1
ዛሬ አንድ ፈቃደኛ መዘገብን። ማንግራ፤ ከሻይ እርሻው፣ ቅጠል መዛኝ። መድኃኒቱ የተመረዘ አረቄ የጠጣን ሰው ያድናል ይባላል። ጉዳት እንደሌለው ለማወቅ ግን መጀመሪያ ጤነኞች ላይ እየሞከርን ነው። ዶክተር ፉካን ጠየቀው፣ «መጠጥ ትጠጣለህ?»
«ኧረ እኔ አልነካም። አምና አረቄ ወንድሜን በላብኝ።»
«አየሽ፣ ነርስ፣ ሁሉም የእርሻ ሰው ሰካራም አይደለም።»
ሳቅሁ... ለምን ሳቅሁ? እዚያው እርሻ መወለዴን አያውቅም።

መስከረም 4
ማንግራ በትናንቱ የእርሻው ሰዎች በዓል ያጌጠበትን ቡቃያ ጆሮው ላይ እንደሰካ መጣ። ክንዱን ስይዝ ሸተተኝ። ሐሪያ፣ የሩዝ ጠላችን። በበዓል ለሙታን መሬት ላይ ጠብ አድርገን የተረፈውን እንጠጣለን። መጠጥ ብሎ የሚጠራው የለም፤ እንደ ምግብ ነው። መድኃኒቱ ግን የተመረዘው አረቄ ሰውነት ውስጥ ወደ መርዝ እንዳይለወጥ ሲያግድ፣ ሰውነት ተራውን አልኮልም እንዳያጠፋ ያግዳል። ጠላው ደሙ ውስጥ ይቆያል።
አውቅ ነበር። ብናገር፣ ዶክተር «አንቺ በምን አወቅሽ?» ሊለኝ ነው። ትንሽ ነው የጠጣው አልኩ ለራሴ። መርፌውን ሰጠሁት።
ከምሳ በኋላ አስመለሰው። ሊነሳ ሲል ወደቀ። ግንባሩ ተሰነጠቀ።

መስከረም 5
ዶክተር ሙከራውን አቆመ። «መድኃኒቱ ነው የጣለው። እንዲህ ከሆነ ለማንም አንሰጥም።» ነገ መርዝ ያለበት አረቄ ቢመጣ ሰዎቻችን በምን ይድናሉ?
ቁስሉን ስጠርግለት ማንግራ በቋንቋችን አንሾካሾከ። «የእኛው ሰፈር ልጅ ነሽ አይደል? አይዞሽ፣ አልናገርም።»
ጭራሽ እሱ ለእኔ...

መስከረም 6
ዛሬም ለዶክተር አልተናገርኩም።

መስከረም 8
ነገርኩት።
«ሐሪያ ደግሞ ምንድን ነው?»
«ጠላችን ነው፣ ዶክተር።»
«የእነማን?»
«የእኛ። የእርሻው ሰዎች።»
«እየሸተተሽ ነው መርፌ የወጋሽው?» አለ።
«አዎ።»
የተወለድኩበትን አልጠየቀኝም። ስፈራ የኖርኩት ያንን ነበር። ከመርፌ ሥራ አነሳኝ። ልክ ነው።

መስከረም 19
በወደቀ ቀን የተቀዳው የማንግራ ደም ተመርምሮ አልኮል ተገኘበት፤ ሙከራው ቀጠለ። የእኔ ሥራ በር ላይ ተቀምጦ በቋንቋችን መጠየቅ ብቻ ነው።
ዛሬ አንዲት ሴትዮ መጡ።
«መጠጥ ይጠጣሉ?»
«ምን በወጣኝ።»
«ሐሪያስ?»
«እሱንማ ማን የማይጠጣ አለ፣ ልጄ? ጠዋትም ቀምሻለሁ።»
ሌላ ቀን ሳይቀምሱ እንዲመጡ ነግሬ መለስኳቸው። ሊወጡ ሲሉ ዞር ብለው፣ «አነጋገርሽ የእኛ ነው። የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።
ዶክተር አጠገቤ ቆሟል። የአባቴን ስም ነገርኳቸው፤ ድምፄን ሳልቀንስ።